እትዬ ሀዋና ቀዩ ቦረቦር

የእትዬ ሀዋን ሞት የሰማሁት ከሚኒባስ ረዳት ነው። ደሴ መናኸሪያ ቆሜ ወደ ኮምቦልቻ የሚሄድ መኪና ስጠብቅ፣ ከመካነ ሰላም ገና የገባ ረዳት ሻንጣ እያወረደ ለሹፌሩ ሲያወራ ጆሮዬ ገባ።

"ያቺ እምቢ ባይዋ ፎቶ አንሺ እኮ ትላንት ተቀበረች" አለ።

ስማቸውን አልጠራም፤ መጥራትም አላስፈለገውም። መካነ ሰላም ውስጥ ፎቶ የሚያነሳ ብዙ ነው፤ በዚያ ስም የሚታወቁት ግን እሳቸው ብቻ ነበሩ።

"እትዬ ሀዋ?" አልኩት።

"አዎ፣ ወደ አኼራ ሄዱ። ያውቋቸው ነበር?"

ምን ብዬ ልመልስለት? "በሰው ፊት አሳፍረውኛል፤ ስላሳፈሩኝም እስከ ዛሬ አመሰግናቸዋለሁ" ተብሎ ለማያውቁት ሰው መናኸሪያ ላይ አይነገርም። "አዎ፣ አውቃቸው ነበር" አልኩና የኮምቦልቻውን ጉዳይ ትቼ በማግስቱ ወደ መካነ ሰላም በሚሄደው መኪና ላይ ቦታ ያዝኩ።

እኔ መካነ ሰላም የገባሁት ትምህርቴን እንደጨረስኩ፣ በአንድ መሥሪያ ቤት የሕዝብ ግንኙነት ሠራተኛ ሆኜ ነው። መሥሪያ ቤቱን በስሙ አልጠራውም፤ ዛሬ ፈርሷል፣ ሰዎቹም በየአቅጣጫው ተበትነዋል። በሥራዬ ምክንያት ካሜራ ተሰጠኝ። ካሜራ የተሰጠው ሰው ሁሉ ፎቶ አንሺ የሆነ ይመስለዋል፤ እኔም መሰለኝ። ሁለት ወር እንደቆየሁ ከከተማው በታች ወርጄ፣ ደጋው ተቆርጦ ወደ ዓባይ በረሃ የሚወርድበት አፋፍ ላይ ቆሜ አንድ ፎቶ አነሳሁ። ከዚያ ኮምፒውተር ላይ ጭኜ ሣሩን አረንጓዴ፣ ሰማዩን ውሃ ሰማያዊ፣ ዳመናውን ብርቱካን አድርጌ አደመቅሁት። በጣም ኮራሁበት። በትልቁ አሳትሜ ቢሮዬ ልሰቅለው ፍላሼን ይዤ እትዬ ሀዋ ፎቶ ቤት ገባሁ።

ጠባብ ቤት ናት። ፊት ለፊት ለጉርድ ፎቶ የሚሆን ሰማያዊ መጋረጃ ተንጠልጥሏል፣ ጥግ ላይ ኮምፒውተር አለ፣ ከጀርባ ደግሞ ድሮ ፊልም ይታጠብበት የነበረ፣ ያን ጊዜ ከሰልና ጀሪካን የሚቀመጥበት ጨለማ ክፍል። እትዬ ሀዋ ስልሳን የተሻገሩ፣ ቀጠን ረዘም ያሉ ሴት ነበሩ። ፎቶዬን ከፍተው ሻሻቸውን ከጆሯቸው ላይ ገፋ አደረጉ። ይህ ልማዳቸው መሆኑን በኋላ ነው ያወቅኩት፤ ፎቶ ሲመረምሩ አንድ ጆሯቸውን ይገልጣሉ፣ ፎቶው ሊያናግራቸው የመጣ እንግዳ ይመስል።

"ይሄ የት አገር ነው?" አሉኝ።

"እዚሁ ነው እንጂ እትዬ። ከከተማው በታች፣ አፋፉ ላይ።"

"እዚሁ?"

"አዎ።"

"እኔ እዚህ ተወልጄ እዚህ አረጀሁ፤ ወላሂ እንዲህ ያለ ሰማይ አላየሁም። አንተ ከመጣህ ስንት ጊዜህ ነው?"

"ሁለት ወር።"

"ታድለሃል" አሉ።

ጉርድ ፎቶ ሊነሱ ወረፋ የያዙት ሰዎች ሳቁ። እኔ ጆሮዬ ጋለ። እትዬ ሀዋ ግን አልሳቁም፤ በርጩማ ስበው "ተቀመጥ" አሉኝና ማውሱን በሁለት ጣታቸው፣ ፍም እንደሚያነሳ ሰው ጫፉን ይዘው፣ የጨመርኩትን ቀለም ሁሉ ቀስ በቀስ ቀነሱት። ሣሩ ገለባ መሰለ፣ ሰማዩ አመዳም ሆነ። ከዚያ አንድ ቦታ ጫን ሲያደርጉ ቀለሙ ጨርሶ ጠፋና ፎቶው ጥቁርና ነጭ ሆነ። ያን ጊዜ ሸንተረሩ ከሸንተረሩ ተለየ። እኔ ያላየሁት እርከን፣ ያላየሁት የእግር መንገድ፣ ከአንድ ጎጆ ጣሪያ የሚወጣ ጭስ ሳይቀር ብቅ አለ።

"ይሄ ነው! ይሄን ያትሙልኝ!" አልኩ።

"ገብሱ ደርሷል አልደረሰም?" አሉኝ።

"የቱ ገብስ?"

በጣታቸው ስክሪኑን ነኩት። ጣታቸው ያረፈበት ማሳ ግራጫ ነው፤ ከጎኑ ያለውም ግራጫ ነው። አላወቅሁም።

"የማሳው ጌታ ይሄን ቢያይ ማጭዱን ይዞ ይወጣል ወይስ ቤቱ ይቀመጣል? አየህ ልጄ፣ ቀለም ሲበዛ ይዋሻል፣ ሲጠፋም ይዋሻል። ይሄን ቁልፍ ከመጫንህ በፊት ምን ልደብቅ ነው ብለህ ራስህን ጠይቅ። የምትደብቀው ከሌለ ጫነው።"

በመጨረሻ ያተሙልኝ ካሜራው ያየውን ነው፤ አቧራውን ብቻ ጠርገው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከሥራ ስወጣ እግሬ ወደዚያች ቤት ይመራኝ ጀመር።

እትዬ ሀዋ ሙያውን የተማሩት ካሜራ ተሸክሞ ከደሴ ከመጣ ባላቸው ነው። እሱ ያነሳል፣ እሳቸው ጨለማ ክፍል ገብተው ያጥባሉ። ባላቸው ሲሞት ዘመድ ተሰብስቦ "ካሜራው ይሸጥና አንቺም አባትሽ ቤት ግቢ" ብሎ መከረ። አባታቸው ቁርዓን የሚያቀሩ፣ በአገሩ የተከበሩ ሰው ነበሩ። እትዬ ሀዋ አባታቸው ቤት ሄዱ፤ የሄዱት ግን ካሜራውን አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ነው። "አባቴ አየኝ፣ ካሜራውን አየ" ብለው አጫውተውኛል። "ከዚያ 'በሐቅ ከሠራሽበት ያንቺ ነው፣ ካልሆነ መልሺው' አለኝ። ሌላ አልጨመረም። ዘመዶቼም ዝም አሉ።"

ቅዳሜ ከሰዓት ሱቃቸውን ዘግተው አገር ምድሩን ሊያነሱ ይወጡ ነበር። ገደል፣ ጉም፣ ጅባራ፣ የታረሰ መሬት። ሰው ይስቅባቸዋል። "እትዬ ሀዋ፣ ሰው አጥተው ነው ድንጋይ የሚያነሱት?" ይሏቸዋል። "ድንጋይ ዓይኑን አይጨፍንም" ብለው ያልፋሉ። ቤት ተመልሰው የቱን በቀለም፣ የቱን በጥቁርና በነጭ እንደሚያስቀሩ ሲመርጡ አጠገባቸው መቀመጥ እወድ ነበር። ገደሉንና ጉሙን ብዙ ጊዜ ቀለሙን ያጠፉለታል። ማሳ ሲሆን ግን አይነኩትም።

"ጉምና ድንጋይ ቀለም ቢያጡ አይቸግራቸውም፤ የሚበላ ነገር ግን ቀለሙን ይዞ ይነሳ" ይሉ ነበር።

ከሚያነሷቸው ቦታዎች አንዱ አያ ይመር የሚባሉ ገበሬ የሚኖሩበት ተዳፋት ነው። በየዓመቱ መስከረም ሲጠባ ከአንድ ቋጥኝ ላይ ሆነው ያንኑ ተዳፋት ያነሱታል። አያ ይመርም ከቤታቸው ወጥተው "ሀዋ፣ ዘንድሮም አላረጀም ወይ?" ይሏቸዋል። "አንተ ነህ ያረጀኸው፤ ተራራውስ ደህና ነው" ይሏቸዋል።

አንድ ክረምት ግን ተራራው ደህና አልሆነም። ተዳፋቱ ላይ መሥሪያ ቤታችን በዘመቻ ያሠራው እርከን ነበር፤ ተቻኩሎ የተሠራ፣ ለሪፖርት የደረሰ። ጎርፍ መጣና ከላይ እስከ ታች ጠረገው። ተዳፋቱ መሐል ለመሐል ተሰንጥቆ ቀይ ቦረቦር ወጣበት። የአያ ይመር ግማሽ ማሳ ተበላ። አንደኛው በሬያቸው አፋፉ ተንዶበት ሞተ። ከደጃቸው እስከ ቦረቦሩ ጫፍ ያለው መሬት በእርምጃ የሚቆጠር ሆነ፤ ሌላ ክረምት ከመጣ ቤታቸውም ይሄዳል። እኛ ደግሞ ቀደም ብለን ተዳፋቱ አገገመ ብለን ጽፈን ነበር። ጽሑፉን የጻፍኩት እኔ ነኝ።

ኅዳር ላይ ሥራውን የሚያዩ እንግዶች እንደሚመጡ ተነገረንና በአዳራሹ ዐውደ ርእይ እንዲዘጋጅ ታዘዘ። ያን ተዳፋት በየዓመቱ ያነሳ ከእትዬ ሀዋ ሌላ ሰው አልነበረም። አለቃዬ እኔን አስከትለው ፎቶ ቤት ድረስ ሄዱ።

"እትዬ ሀዋ፣ የዘንድሮውን ትንሽ አረንጓዴ ቢያደርጉልን። ቦረቦሩ አይታይ" አሏቸው።

"ሣር ሳይበቅል?"

"ይበቅላል እኮ። ለከርሞ።"

"እንግዲያው ለከርሞ ኑና አነሳዋለሁ።"

አለቃዬ ፈገግ አሉ። ብልህ ሰው ነበሩ፣ በር ሲዘጋባቸው መስኮት ያውቃሉ። "እሺ፣ ቀለም አይጨመር። እርስዎ ራስዎ ጥቁርና ነጭ ይወዱ የለ? በጥቁርና በነጭ ይሁን። ጥበብ ነው፣ እንግዶቹም ይወዱታል።"

እኔ በልቤ ተገላገልን አልኩ። እትዬ ሀዋ ጥቁርና ነጭ እንደሚወዱ አውቃለሁ፤ ውሸት አልተጨመረበትም፣ ቀለም ብቻ ነው የሚነሳው። እሳቸው ግን ሻሻቸውን ከጆሯቸው ገፋ አድርገው ፎቶውን ቆይተው አዩትና ማውሱን ከእጃቸው አስቀመጡት።

"ደም በጥቁርና በነጭ ሲነሳ ጭቃ ይመስላል፤ ጭቃው ደግሞ ጥላ ይመስላል" አሉ። "ይሄ ቀዩ የይመር መሬት ነው። ቀዩን ካጠፋሁት ዳመና ያጠላበት ሜዳ ነው የሚመስለው። ያን ያየ እንግዳ ምሳውን በልቶ ይሄዳል። እምቢ።"

"እትዬ ሀዋ፣ ፈቃድዎን የሚያድስ እኮ መንግሥት ነው።"

"ዓይኔን የሰጠኝ ግን አላህ ነው። እምቢ አልኩ እኮ ጌታዬ።"

አለቃዬ ከደጅ እንደወጣን ወደ እኔ ዞሩ። "አንተም ያን ቦታ አንስተሃል አይደል? ሥራው" አሉኝ። ሠራሁት። በጠራራ ፀሐይ፣ ቢሮዬ ተቀምጬ፣ ማንም ሳያስገድደኝ ሠራሁት። ቁልፉን ተጫንኩና ቀዩ ጠፋ። ከዚያ ቦረቦሩን ጥቂት አጠቆርኩት፤ እውነትም የዳመና ጥላ መሰለ። ያማረ ፎቶ ነበር። ደሴ ልከን በትልቁ አሳተምነውና አዳራሹ ውስጥ ዋናው ግድግዳ ላይ ሰቀልነው።

እንግዶቹ በመጡ ቀን አዳራሹ ሙሉ ነበር። አለቃዬ በዱላ እየጠቆሙ ሲያስረዱ በሩ ተከፈተና እትዬ ሀዋ ገቡ። ንጹሕ ነጠላቸውን ለብሰው፣ የተጠቀለለ ወረቀት በብብታቸው ይዘዋል። ከኋላቸው አያ ይመር አሉ። እትዬ ሀዋ ለማንም ሰላምታ ሳይሰጡ ቀጥ ብለው ወደ ግድግዳው ሄዱና የእኔ ፎቶ አጠገብ የራሳቸውን ዘርግተው በፕላስተር ለጠፉት። ያው ተዳፋት ነው፣ በቀለም። ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀይ ተቀዷል። አጠገቡ ደግሞ የሣሩ ቢጫ፣ የቤቱ ጣሪያ፣ ደጁ ላይ የቆሙ ሰው አሉ፤ አያ ይመር ናቸው።

"እትዬ፣ እዚህ መለጠፍ አልተፈቀደልዎትም" አሉ አለቃዬ።

"አልተፈቀደልኝም። ለጠፍኩት" አሉ።

ከእንግዶቹ መሐል ጠጉራቸው የነጣ አንድ ሽማግሌ ወደ ግድግዳው ቀረቡ። አንዱን አዩ፣ ሌላውን አዩ፣ እንደገና ወደ እኔው ፎቶ ተመለሱ። ጣታቸውን ጥቁሩ ላይ አድርገው "ይሄ ጥላ ነው ገደል?" አሉ። "ይሄን ማን ሠራው?"

እትዬ ሀዋ ወደ እኔ ተመለከቱ። ያውቃሉ። ለአንድ ዓመት አጠገባቸው በርጩማ ላይ ተቀምጬ የተማርኩት እጅ እንደሆነ በመጀመሪያ እይታ ለይተውታል። ስሜን ይጠሩታል ብዬ ደነገጥኩ። አልጠሩም። ሊያድኑኝም አልሞከሩም።

"የሠራው አፍ አለው፣ ይናገራል" አሉና እጃቸውን አጣጥፈው ቆሙ።

አለቃዬ በዓይናቸው ያዙኝ። አያ ይመር ባርኔጣቸውን አውልቀው መሬት መሬት ያያሉ። እትዬ ሀዋ ንቅንቅ አላሉም፤ ዓመትም ቢሆን እንደሚጠብቁ ገባኝ።

"እኔ ነኝ" አልኩ። ድምፄ የሌላ ሰው ድምፅ መሰለኝ። "ገደል ነው። ጥላ ያስመሰልኩት እኔ ነኝ።"

ሽማግሌው ምሳ ሳይበሉ ቦታው ድረስ ውሰዱኝ አሉ። ሄድን። ቦረቦሩን ወርደው በእርምጃቸው ለኩት፣ የበሬውን አጥንት አዩ፣ ከአያ ይመር ደጅ ተቀምጠው አነጋገሯቸው። ክረምቱ ሳይገባ ድንጋይና ሽቦ መጣ፣ ቦረቦሩ ከላይ ተገደበ። የተበላው ማሳ አልተመለሰም። ቤቱ ግን ቆመ፤ ዛሬም ቆሟል።

የእኛስ? እኔ ካሜራውን ተነጥቄ መዝገብ ቤት ገባሁ። የእትዬ ሀዋ ፎቶ ቤት ደግሞ በሳምንቱ ታሸገ። ምክንያት ተብሎ በወረቀት ላይ የሆነ ነገር ተጽፏል፤ ያመነበት ሰው ግን አላየሁም። እሽጉ በተለጠፈ በማግስቱ ሳልፍ፣ እትዬ ሀዋ ሰማያዊውን መጋረጃ አጥሩ ላይ ሰቅለው፣ በርጩማ አስቀምጠው ሰው ያነሳሉ። የታሸገው በር ከኋላቸው ነው።

"እትዬ፣ ሌላ ነገር እንዳያመጡብዎት!" አልኳቸው።

"በሬን አሸጉ እንጂ ፀሐዩን አላሸጉ" አሉኝ። "ዞር በል፣ ብርሃኑን ጋረድከኝ።"

ድፍን ከተማው እዚያ አጥር ሥር ፎቶ ተነሣ። ጉርድ ፎቶ የማያስፈልገው ሰው ሳይቀር ሊነሳ መጣ። ቄሱም መጡ፣ ሼኹም መጡ፣ የትምህርት ቤቱ መምህራን ተሰልፈው መጡ። ሦስት ወር ያህል እንዲህ ሆነ። በኋላ ከበላይ አካል ይከፈት ተባለና አንድ ጸሐፊ ደብዳቤ ይዞ መጣ፤ "እትዬ፣ እሽጉን ቀደው መግባት ይችላሉ" አላቸው።

"እኔ አላሸግኩትም፣ እኔ አልቀደውም። ያሸገው ሰው ይምጣና በእጁ ይክፈተው።"

"ደብዳቤው አለ እኮ!"

"ደብዳቤውን አንብቤዋለሁ። ጥሩ ደብዳቤ ነው። ያሸገው ይምጣ።"

ሌላ ሁለት ሳምንት አጥራቸው ሥር ሠሩ። ዝናብ ሲያካፋ ካሜራውን በነጠላቸው ይሸፍናሉ እንጂ አይነሱም። በመጨረሻ ያሸገው ሰው መጣ። ወረቀቱን ላጠ፣ በሩን ከፈተ። እትዬ ሀዋ አመስግነው ካስገቡት በኋላ "ተቀመጥ፣ ደህና ጉርድ ፎቶ የለህም" ብለው አነሱት። ሰውዬው ፎቶውን ተቀብሎ እየሳቀ ወጣ፤ እስከ ዛሬ መታወቂያው ላይ ያ ነው ያለው ይባላል።

እኔ ወደ ደሴ ከተዛወርኩ በኋላ አልፎ አልፎ እደውልላቸው ነበር። ይቅርታ ልጠይቃቸው ብዙ ጊዜ ጀምሬያለሁ። አንድ ቀን እስከ መጨረሻው አስኬዱኝና "ያን ቀን ተናግረህ የለ? ምን ጨምረህ ልትነግረኝ ነው?" ብለው ስለ ዝናቡ ጠየቁኝ።

ለቅሶው ላይ የደረስኩት ከቀትር በኋላ ነው። ድንኳኑ ውስጥ ሼኹ ተቀምጠዋል፣ ጎረቤት ተሰብስቧል፣ አያ ይመርም ዱላቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ጥግ ይዘዋል። የድሮው አለቃዬም ነበሩ። ጡረታ ወጥተዋል፣ ሸምግለዋል። ትንሽ እንደቆየን ጉሮሯቸውን ጠራረጉና ስለ ሟች መናገር ጀመሩ።

"ሀዋ መልካም ሴት ነበረች። ከመሥሪያ ቤታችን ጋር ተባብራ የሠራች ሴት ነበረች። ያኔ በዚያ ፎቶ ጊዜ አለመግባባት ነበር ይባላል፤ ወሬ ነው። በኋላ ተነጋግረን፣ ተስማምተን ነው የጨረስነው። ነፍሷን ይማር።"

ሰው አንገቱን ደፋ። ለቅሶ ነው፤ ማን ይናገራል? እኔም ዝም አልኩ። አያ ይመር ግን ዱላቸውን ተመርኩዘው ቀስ ብለው ተነሱ።

"ጌታዬ፣ እግር ጥሎዎት ስለመጡ እግዜር ይስጥልን" አሉ። "ግን ሀዋ ከርስዎ ጋር አልተስማማችም። በቁሟም አልተስማማችም። ዛሬ ዝም ስላለች እሺ አለች አይባልም።"

"አያ ይመር፣ ይተዉት፣ ለቅሶ ላይ እኮ ነን" አላቸው አንዱ ከጎናቸው።

"ለቅሶ ላይ ስለሆንን ነው የተናገርኩት። እሷ መመለስ አትችልም።"

ቆመው ቀሩ። ሼኹ ቀና ብለው አያ ይመርን አዩአቸው።

"ሐቅ ነው፣ አልተስማማችም" አሉ ሼኹ። "አሁን እጃችሁን አንሱ፣ ዱዓ እናድርግላት።"

ሁላችንም እጃችንን ዘረጋን። አለቃዬም ዘረጉ።